ጃንጥላዬን የጠበቀችው ልጅ

ዓመቱን ልሳሳት እችላለሁ፤ ብቻ ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ነው። ሆጤ ሰፈር ስኖር ጎረቤቴ የነበረችውን የስድስት ዓመቷን ዘይነብን ቃል መጠበቅ ላስተምራት ብዬ ጃንጥላዬን ሰጠኋት።

«አማና ነው፤ አደራ። ለቀትሩ ሶላት፣ ለዙህር፣ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ደጃፌ ላይ ጠብቂልኝ» ብያት ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ጨዋታ ይዞኝ ዘገየሁ።

አመሻሽ ላይ ዶፉ እየወረደ ስመለስ፣ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ጃንጥላው እንደታጠፈ ነው፤ እሷ ግን በስብሳለች።

«ምነው አልዘረጋሽውም፣ ልጄ?»

«የሰው አማና ይነካል እንዴ? እኔ የራሴ አለኝ» ብላ አናቷ ላይ የደፋችውን ፌስታል አሳየችኝ። «ዙህር እኮ አለፈ፣ አባባ!»

ጃንጥላውን ዘርግቼ ቤቷ አደረስኳት።

ኋላ ቤተሰቦቿ ኮምቦልቻ ገቡ። ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁ ዕለት እናቷን ገበያ አግኝቼ ስለ ልጅቷ ጠየቅኳት።

«ደህና ናት። ብቻ አይቀየሙኝና፣ አባባ፣ ሽማግሌ ‹እመለሳለሁ› ሲላት አታምንም» አለችኝ።