ለሁለት መንደር አንድ አንቀጽ

በብልባላ የውኃ ኮሚቴ ክፍል የነበርነው አራት ነን፦ የኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ የደብሩ ቄስ፣ የፓምፑ ጠባቂ የሆኑት እናት፣ እና እኔ። ደጃፉ ላይ ውኃ ቀጂዎች ቆመው ያዳምጡ ነበር። የፓምፑ ቁልፍ ከጠባቂዋ ተወስዶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ይመለስላቸው ወይስ ለሌላ ሰው ይሰጥ? የተሰበሰብነው ለዚህ ነበር።

ጠባቂዋ በወሩ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ ውኃውን ዘግተው ማጣሪያውን አጥበዋል። የጊዮርጊስ ማኅበር ሴቶች ለድግሱ ጀሪካን ይዘው ቢመጡ ቧንቧው ደርቆ ጠበቃቸው።

«በታቦቱ ቀን ሥራ ጀመርሽ?» አሉ ቄሱ።

«መጽሐፉ ነው፣ አባ። የአጣጠቡን ገጽ ሳነብ ‹ቀኑን ከኋላ ይመልከቱ› ይላል። ከኋላ ገለጥሁ። ሃያ ሦስት ይላል።»

መጽሐፉ የእኔ ነው። የብልባላንና የገነተ ማርያምን ፓምፖች መመሪያ ያዘጋጀሁት ከስልክ ቪዲዮ ብቻዬን በተማርሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ለሁለቱ የሚሆነው አንቀጽ አንድ ቦታ ይጻፋል፤ እዚያ ሲለወጥ በሁለቱም መጻሕፍት ይለወጣል። ‹ይህን ገጽ ይመልከቱ› የሚለውም ራሱን ያስተካክላል። በዚህ እኮራ ነበር። የእጥበቱ ቀን መጀመሪያ ሃያ አንድ ነበር። የገነተ ማርያም ሰዎች «በማርያም ቀን አናጥብም» ሲሉኝ ወደ ሃያ ሦስት አዛወርሁት። ፕሮግራሙ አንቀጹ የት የት እንደሚገኝ አስቀድሞ አሳየኝ፤ የብልባላም መጽሐፍ እዚያው ነበር። አይቼ አለፍሁት። የገነተ ማርያምን መጽሐፍ እስከ ነጠላ ሰረዙ ፈተሽሁ፤ የብልባላውን ሳልገልጥ አሳተምሁት።

ይህን እንደምንም አስረዳሁ። ሊቀ መንበሩ ሳቁ። «ኮምፒውተርህ በዓል አያውቅም በለኛ።»

«ኮምፒውተሩን ተወው» አሉ ጠባቂዋ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረው። «ልጁ የላስታ ልጅ አይደል? እናቱ ሃያ ሦስት የማን ቀን እንደሆነ ሳትነግረው ነው ያደገ?»

ከደጅ ሳቅ ተሰማ። እናቴ ነግራኛለች። በዚያ ቀን በሬ እንደማይጠመድ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስክሪኑ ላይ ግን ቁጥር ብቻ ሆኖ ነው የታየኝ።

«ታዲያ እሷ ምን አጠፋች?» አሉኝ ቄሱ።

«ምንም፣ አባ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ለደጁም ይሰማ።»

ደገምሁት። ድምፄ ከመጀመሪያውም አነሰ።

አሁን የአጣጠቡ አንቀጽ ለሁለቱም የጋራ ነው፤ ቀኑን ግን ለየመንደሩ ለብቻው እጽፋለሁ፣ የአንቀጹን መገኛዎችም አንድ በአንድ ሳልከፍት አላሳትምም። ጠባቂዋ ሲወጡ ቁልፉ በእጃቸው ሲቃጨል ሰምቻለሁ። ማን አንሥቶ እንደሰጣቸው፣ ሲቀበሉስ ምን እንዳሉ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ አቀርቅሬ ነበር። እዚያ የነበራችሁ፣ ደጅ የቆማችሁም ጭምር፣ ያያችሁትን ብትነግሩኝ እዚህ ጽሑፍ ላይ እጨምረዋለሁ።