ሚስ ኢቫ እና የብላክስቶኮች መሬት

ኢቫድኒ ብላክስቶክ በማሆ ሂል ፖስታ ቤት አርባ ሁለት ዓመት ስትሠራ የሰፈሩን ሰው ጉድ በፖስታው ጀርባ ታውቅ ነበር። ማን «ልጄ ከእንግሊዝ ጽፎልኛል» እያለ እንደሚዋሽ፣ የማን ባል ከኪንግስተን መጻፍ እንደተወ፣ ማን ለማን ሽቶ የነካው ደብዳቤ እንደሚልክ ከእሷ የሚሰወር አልነበረም። ጡረታ ስትወጣ ሰፈሩ እፎይ አለ። እፎይታው ግን ብዙም አልቆየ። በሁለተኛው ዓመት ከተማ ወርዳ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና የጥንት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገቦች ፎቶ ተነስተው ኢንተርኔት ላይ እንደተለቀቁ ደረሰችበት። ከዚያ ወዲህ ሕያዋኑን ተወት አድርጋ ሙታኑን መከታተል ያዘች።

ሰው መጀመሪያ ሳቀባት፣ ኋላ በሯን አጣበበው። አንዱ የአያቱን አባት፣ ሌላዋ ፓናማ ቦይ ሊቆፍር ሄዶ የቀረ አጎቷን እንድትፈልግላቸው መጡ። የባለሱቋን የሚስ ዶርካስን ቅድመ አያቶች የጋብቻ ወረቀት አግኝታ ስታነብላት ሰዎቹ የተጋቡት ዘጠነኛ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ሆኖ ተገኘ። ሚስ ዶርካስ «ታዲያ ምን አስቸኮላቸው?» አለች፤ ወሬው እስከ ፋሲካ ድረስ ሰፈሩን አሳቀ። ኢቫድኒም ልቧ አበጠ፣ «እኔ ያጣሁትን ሰው እግዜርም አያገኘው» ማለት አመጣች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ዩራያ ይህን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰፈሩ በአክብሮት «ማስ» የሚላቸው ሊንቫል ፒኖክ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳዋ ላይ ቆሙ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሸንኮራው አገር ከክላረንደን ወደ ማሆ ሂል ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። ግንበኛ ናቸው። የሰፈሩን የውሃ ማጠራቀሚያ ግማሹን፣ መቃብሩን ደግሞ ከግማሽ በላይ የሠራው የእሳቸው እጅ ነው።

«ሚስ ኢቫ፣ ሐኪሙ ልብህ ደክሟል አለኝ።»

«ውይ፣ ማስ ሊንቫል። ታዲያ ምን አዘዘልዎት?»

«እረፍት። ስድሳ ዓመት ድንጋይ ተሸክሜ አሁን ገና እረፍት ትዝ አለው።» ወንበሩን ስትስብላቸው ተቀመጡ። «የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም። ስሞት እናንተ መሬት ላይ ቅበሩኝ። እናቴ ብላክስቶክ ናት።»

 የብላክስቶኮች መሬት ማለት ኮረብታው ሥር ያለው አሥር ኤከር ነው። ሱዛና ብላክስቶክ የምትባል ሴት ከባርነት በወጣች በሰባተኛው ዓመት ገዝታው፣ ስትሞት «አይሸጥ፣ አይቆራረጥ፤ የልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሁሉ ይሁን» ብላ ተናዘዘችበት። በሴት ይሁን በወንድ፣ በጋብቻ ይሁን ያለ ጋብቻ፣ ደሟ ያለበት ሁሉ ጎጆ ይቀልስበታል፣ የዳቦ ፍሬ ከሚባለው ዛፍ ይለቅምበታል፣ ሲሞት ከዘመዶቹ ጋር ይተኛበታል። ደሟ የሌለበት ግን የንጉሥ ልጅም ቢሆን አይገባም። ያን ሁሉ መቃብር በቀን ሥራ የገነቡት ሰውዬ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ፓሪሹ በሚሉት የወረዳው የሕዝብ መቃብር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ተደርቦ መጣል ሲያስፈራቸው ኖሯል፤ አሁን የሐኪሙ ቃል ሲጨመርበት አላስችል አላቸው።

እናታቸው ሰው ሁሉ ታይኒ የሚላት የሸንኮራ ቆራጭ ነበረች። የታይኒ እናት ደግሞ አዲና ብላክስቶክ፣ ከማሆ ሂል እርጉዝ ሆና የወጣች። ማስ ሊንቫል የሚያውቁት ይህን ብቻ ነው። አዲና የኢቫድኒ አያት የሕዝቅኤል እህት ናት።

ኢቫድኒ ነገሩን ለዩራያ ስትነግረው የሚያጸዳውን ጫማ አስቀመጠ።

«አያታችን ምን ይሉ እንደነበር ታውቂያለሽ። አዲና ሸንኮራ እርሻ ሄዳ ሳትወልድ ሞተች። ሳትወልድ፣ ኢቫ።»

«እሱም ወሬ፣ ይሄም ወሬ።»

«እኔ የአያቴን ወሬ አምናለሁ። እሳቸው ወረቀት ያምጡ።»

ማስ ሊንቫል መልሱን ሲሰሙ ቀስ ብለው ተነሡ። «የአባቱን መቃብር ስገነባለት ዩራያ ወረቀት አልጠየቀኝም» አሉና ኮፍያቸውን አደረጉ።

ነገሩ አንጀቷን በላው። «በሁለት ሳምንት አገኝልዎታለሁ» አለቻቸው፣ አፏን ሞልታ።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። ማክሰኞና ሐሙስ በአውቶቡስ ከተማ ትወርዳለች፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሁለት ሰዓት ነው። ታይኒ ብላ ፈለገች፣ የለም። ታይኒ የቤት ስም ነውና በክላረንደን የተወለዱ ብላክስቶክ የተባሉ ሴቶችን በሙሉ አንድ በአንድ ከፈተች፤ የእናታቸውን ስም ስታይ አንዳቸውም የአዲና አይደሉም። የጥምቀት መዝገብ ፈለገች፤ ቤተ ክርስቲያኑ በአውሎ ነፋስ ጊዜ ከነመዝገቡ ሄዷል። ሐሙስ ሐሙስ ስትመለስ ማስ ሊንቫል አንዳንዴ ያም የሚባለውን ሥራሥር፣ አንዳንዴ ኮኮናት ይዘውላት አውቶቡሱ የሚቆምበት ይጠብቃሉ። ፊቷን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ያመጡትን ሰጥተዋት ይመለሳሉ። ኢቫድኒ ከዚህ ይልቅ ቢሰድቧት ትመርጥ ነበር።

አንድ ቀን የጡረተኞች የአውቶቡስ ካርዷን ልታሳድስ የራሷን የልደት ወረቀት አወጣች። የስሙ ቦታ ላይ «ሴት» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ኢቫድኒ የሚለው ከዳር የተጨመረው በአሥራ ስምንት ዓመቷ ፖስታ ቤት ልትቀጠር ስትል ነው። ወረቀቱን እንደያዘች አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። በገጠሩ ልማድ አዲስ የተወለደ ሕፃን ዘጠኝ ሌሊት እስኪሞላው ስም አይሰጠውም፤ እንግዳ መንፈስ ከሆነ በስም ተጠርቶ እንዳይለምድ ነው። ሰው ደግሞ ለመዝጋቢው ቶሎ ተናግሮ ወደ ሥራው መመለስ ስላለበት ብዙ ሰው ልጁ ስም ሳይወጣለት አስመዝግቦ፣ በዚያው ረስቶት ይቀራል። ኮምፒውተሩ በስም ነው የሚፈልገው። ስም የሌላትን ልጅ እስከ ምጽአት ቢጠየቅ አያመጣትም። ይህን ማንም ቢስተው እሷ መሳት አልነበረባትም፤ «ደደብ» አለች ራሷን፣ ጮክ ብላ።

ከዚያ ወዲያ መፈለጊያውን ትታ የመዝገቡን ፎቶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ትገልጥ ገባች። ማስ ሊንቫል እናታቸው በትልቁ የጉንፋን ወረርሽኝ ማግስት እንደተወለደች ሰምተዋል፤ ስለዚህ ከ1918 መጨረሻ ጀመረች። ቀለሙ የደበዘዘ አለ፣ ምስጥ የበላው አለ፣ መዝጋቢው ጠጥቶ የጻፈው የሚመስልም አለ። ገጽ በገጽ፣ ሴት፣ ወንድ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ስም የለሽ ሁሉ። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ አምስት ሳምንት ገለጠች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አዝናላት ሰዓቱ ሲያልቅ ያላየች መስላ ታልፋታለች።

ጥቅምት 1919 ላይ ደረሰች። ስም፣ ሰረዝ። ጾታ፣ ሴት። እናት፣ አዲና ብላክስቶክ፣ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኛ። አባት፣ ባዶ። ኢቫድኒ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና ደስታዋን እያጣጣመች ወደ መጨረሻው ዓምድ፣ ልደቱን ማን እንዳስመዘገበ ወደሚያሳየው፣ ዓይኗን ወሰደች። ሕዝቅኤል ብላክስቶክ፣ የእናቲቱ ወንድም፣ የማሆ ሂል ነዋሪ። ከስሙ አጠገብ፣ መጻፍ የማይችል ሰው የሚያደርገው የመስቀል ምልክት አለ።

አያቷ። ኢቫድኒን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ያሳደጓት፣ በየዓመቱ ገና ሲመጣ «ምስኪኗ እህቴ ሳትወልድ ሞተች» እያሉ ዓይናቸውን የሚያብሱት ሰውዬ። ልጅቱን አይተዋታል። በራሳቸው እጅ አስመዝግበዋታል።

ለምን እንደዋሹ ለማወቅ ሌላ መዝገብ አላስፈለጋትም። ኮረብታው ሥር ውሃ የሚቀርበው ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ አሮጊቶቹ እስከ ዛሬ የአዲና ጥግ ይሉታል። አያቷ በሚቀጥለው ዓመት ሲያገቡ ቤታቸውን የሠሩት እዚያ ላይ ነው። አዲና ልጅ አላት ከተባለ ቦታው ልጇን ይጠብቃል፤ የላትም ከተባለ የሳቸው ነው። ያ ቤት አሁን የኢቫድኒ ነው።

ወረቀቱን አሳትማ ይዛ መጣች። በዚያ ሐሙስ ማስ ሊንቫል አውቶቡሱ ጋ አልነበሩም፤ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል አሏት። እሷም እፎይ አለችና በእፎይታዋ አፈረች። ወረቀቱን ልብስ ሳጥኗ ሥር ከተተችው። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች። በማግስቱም ነገ አለች። ስታበስል፣ በረንዳዋን ስትጠርግ፣ በሄደችበት ሁሉ እግሯ የረገጠው የአዲናን መሬት ነው። ማንም ከቤቷ እንደማያስወጣት ታውቃለች፤ የሱዛና መሬት ማንንም አያስወጣም። የከበዳት የአያቷ ስም ነው። በልጅነቷ ከሁሉ አብልጣ የወደደችውን ሰው በገዛ አፏ ቀጣፊ ልትለው ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሚስ ዶርካስ ስኳር እየመዘነች፣ ማስ ሊንቫል ሰው ልከው የፓሪሹ መቃብር ውስጥ ቦታ ማስመዝገባቸውን ነገረቻት። ኢቫድኒ ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ጥላ ሄደች።

ወረቀቱን መጀመሪያ ለዩራያ ሰጠችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አወለቀ፣ ወለወለ፣ እንደገና አነበበ።

«ይሄን ማን አይቶታል?» አለ።

«እኔ። አሁን ደግሞ አንተ። ከዚህ ሌላ ኮምፒውተር ያለው ዓለም በሙሉ።»

ዩራያ ወረቀቱን መለሰላት። ከዚያ የእሑድ ኮቱን ለበሰ፤ ዕለቱ ግን ሰኞ ነበር። እሷም ምንም ሳትለው አብራው ወጣች።

ማስ ሊንቫል ሁለት ትራስ ተደግፈው ተኝተው አገኟቸው። ዩራያ በሩ ላይ ቀረ። ኢቫድኒ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው፤ ድምፅዋ አንዴም አልቆመ። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች።

«ካገኘሁት አሥራ አንድ ቀን ሆኖኛል፣ ማስ ሊንቫል። ደብቄው ነበር። አያቴ አውቀው ዋሽተዋል። የምኖርበት ቤት የአያትዎ ቦታ ላይ ነው። ቢቀየሙኝ ይገባኛል።»

ሽማግሌው የሰሟት አይመስሉም። «ያን የአስመዝጋቢውን መልሰሽ አንብቢልኝ» አሉ።

«ሕዝቅኤል ብላክስቶክ፣ የእናቲቱ ወንድም፣ የማሆ ሂል ነዋሪ።»

«ከዚህ እስከዚያ በእግር ስንት ቀን ነው?»

«አንድ ቀን ተኩል» አለ ዩራያ ከበሩ። «ዝናብ ካለ ሁለት።»

«ጥቅምት እኮ የዝናብ ወራችን ነው» አሉ ማስ ሊንቫል። ዓይናቸው ሞላ፤ አላበሱትም። «መጥቶ ነበር ማለት ነው። እናቴ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ፣ ስወለድ የጠየቀኝ ሰው የለም እያለች ነው የሞተችው። በዝናብ መጥቷል። አላወቀችም።»

ኢቫድኒ ለቁጣ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር፤ ይሄን አልቻለችውም፣ ፊቷን በመዳፏ ሸፍና አለቀሰች። አዛውንቱ ክርኗን ያዙላት።

ዩራያ ከበሩ ገባ አለ። «ከአያታችን ጎን አንድ ቦታ አለ። ለራሴ ያሰብኩት ነበር። የእርስዎ ይሁን።»

«እግዜር ይስጥህ። ስትገነቡት ግን ስሜን አትጻፉበት።»

«እንዴት፣ ስም የሌለው መቃብር?» አለች ኢቫድኒ።

«እኔ ተጽፌያለሁ። የልደት ወረቀት አለኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ካርድ አለኝ፣ የጡረታ ደብተር አለኝ። የእናቴን መቃብር ሸንኮራ ተክለውበታል፣ መዝገቡ ላይ ያላት ሰረዝ ነው። እሷን ጻፉልኝ።»

«ማን ብለን እንጻፍ?» አለ ዩራያ። ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶ አውጥቷል።

«ታይኒ» አሉ። ትንሽ ቆዩና እሱን እያዩ፣ «ታይኒ ብላክስቶክ» አሉ።

ዩራያ ወረቀቱን ከኢቫድኒ ተቀብሎ ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በትልልቅ ፊደል ጻፈው። ጽፎም እስክሪብቶውን አላነሣ። «የአዲና ልጅ ብዬ ልጨምር?» ሲል ጠየቃቸው።

«ጨምርበት» አሉ ማስ ሊንቫል።