የማይክሮስኮፑ ቀለበት

ወንድሜ ከሞጣ ሲመጣ የማይክሮስኮፑን ዘንግ ካልሲ ውስጥ ከትቶ፣ ካልሲውን ደግሞ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ነበር። እሱ ሞጣ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው፤ እኔ ቢቸና በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ መሥራት አስተምራለሁ። ታናሼ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ እታለም እያለ ነው።

ዘንጉን ወርክሾፑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ይኸውልሽ እታለም፣ ይሄ ነው ያስቸገረን» አለኝ። «ስላይዱ፣ ደም የተቀባው መስታወት፣ የሚቀመጥበት መድረክ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይንሸራተታል። ደሙን አጥርቼ አይና፣ አንዴ ቀና ብዬ ስመለስ ድብዝዝ ብሎ ይጠብቀኛል። ከቆላ የሚመጣው የወባ በሽተኛ ደጁን ሞልቶታል። ሌላው ማይክሮስኮፕ ብቻውን አልቻለም።»

ዘንጉ የሚዞረው አንዲት ትንሽ ቀለበት ውስጥ ነው። ቀለበቷ ተበልታ ቀዳዳዋ ሰፍቷል፤ ችግሩ ይኸው ነበር። መለዋወጫ ጠይቀው፣ የዚያ ዓይነት ማይክሮስኮፕ መሠራት ካቆመ ቆይቷል የሚል መልስ ነው የመጣላቸው።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሥራ የወፍጮ ዘንግ፣ የጋሪ አክስል፣ የበር ማጠፊያ ነው፤ በዓይን ግምት ቢሠራ እንኳ የሚያስወቅስ አይደለም። የተማርኩት ግን የፀጉር ውፍረት ሲካፈል ለሚለካበት ሥራ ነበር። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ሥሪልን ብሎኝ የመጣ ሰው አልነበረም።

ሥራውን በፍጥነት እየሠሩ፣ እየሞከሩና እየጣሉ ለመሄድ ተስማማን። እሱ ዘንጉን ይዞ ሞጣ ተመለሰ። ቅርጿ ቦታው ውስጥ መግባቷን ለማየት መጀመሪያ በወይራ እንጨት አወጣኋት። ወይራ ደረቅና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቶርኖ ላይ መልካም ነው። ለአንድ የሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ ላክሁለት፤ ማታውን ወንድሜ ደውሎ፣ «ትገባለች፣ ርዝመቷን ግን ቀንሺ» አለኝ። ቀጥሎ በአሉሚኒየም ሠራሁ፤ ልኩ ቀረበ። በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ የውኃ ማገጃ ቫልቭ ላይ ናስ ቆርጬ እውነተኛዋን ሠራኋትና ያችኑ ላክሁለት።

በማግሥቱ ሲደውል ድምፁ ይስቅ ነበር።

«እታለም፣ ትሠራለች!»

«መድረኩ አይወርድም?»

«ይወርዳል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። አንድ ስላይድ አይቼ እስክጨርስ ይቆይልኛል። ይበቃናል።»

«ከወረደማ አልሆነም ማለት ነው። ቅዳሜ ዘንጉን ይዘህ ና፤ እፊቴ ሆኖ እየለካሁ ልጨርሰው።»

«ዝናቡ እኮ በርትቷል። መንገዱም ያንሸራትታል።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ና። ከዚህ በኋላ አላስቸግርህም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ይበቃል ብሏል፤ የሚሠራበትም እሱ ነው። የመለኪያ መሣሪያው ከወርክሾፑ አይወጣም የሚል ምክንያት ነበረኝ፤ ይህም ውሸት አይደለም። ግን አስፈቅጄ ይዤው ልሄድ እችል ነበር። ያም ባይሆን ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ብዙ ቀለበቶች ሠርቼ፣ የምትስማማውን እዚያው ምረጥ ብዬ ልልክለት እችል ነበር። እነዚህ ሁሉ ወደ ሐሳቤ የመጡት ኋላ ነው።

ቅዳሜ መጣ። ረፋዱን አብረን ሠራን። ናሱን ጥቂት ፋቅ አደርጋለሁ፣ አቆማለሁ፣ እለካለሁ፣ ዘንጉን አስገብቼ እሞክራለሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ስለ ልጁ ይነግረኛል፤ ገና አፏን መፍታቷ ነበርና ስሙን አጣምማ እንደምትጠራው እያስመሰለ ያስቀኛል። የመጨረሻዋ ቀለበት ዘንጉ ላይ ስትገባ አንድ ጠብታ ዘይት ብቻ ጠየቀች፤ ሳትላላም ሳትጠብቅም እጄ እንደገፋት ሄደች። ወንድሜ ቀለበቷን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራትና፣ «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ከቢቸና ወጣ ብል ማን ያምነኛል!» አለ። እኔም ኮራሁ። ሽሮ በልተን መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት።

አመሻሹ ላይ ከእሱ ስልክ ተደወለልኝ። ሳነሳው ድምፁ የእሱ አይደለም።

«ወይዘሮ፣ እታለም የሚል ስም ስላገኘሁ ነው የደወልኩት። የመኪናው ረዳት ነኝ። አይደንግጡ፣ በሕይወት አለ።»

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ከመንገድ ወጥቶ በጎኑ ወድቆ ነበር። ሰው አልሞተም። ወንድሜ በቀኝ መስኮት በኩል ስለነበር ቀኝ እጁ ከመኪናው ብረት ሥር ገብቶ ተጨፍልቋል።

ሐኪሞች መጀመሪያ ሞጣ፣ ከዚያ ባሕር ዳር አዩት። ጣቶቹ አልተቆረጡም። ባሕር ዳር ስደርስ እናታችን ቀድማኝ ደርሳ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። እግሯ ላይ ወድቄ፣ «እኔ ነኝ ና ያልኩት» አልኳት። ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ተነሽ፣ ሰው ያይሻል። መንገድ ነው የጎዳው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልወጣትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ጃኬቱን ነው። ቀለበቷ ከነዘንጉ ካልሲው ውስጥ ነበረች፤ ጭረት እንኳ አልነካትም። አብራው የምትሠራ ከጅማ ተመድባ የመጣች ባለሙያ አለች፤ እሷ ልትጠይቀው መጥታ ወሰደችና ሞጣ ገጠመችው። በሦስተኛው ቀን ደውላ፣ «እህቴ፣ መድረኩ ንቅንቅ አይልም፤ እንደ አዲስ ሆነ» አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ፣ ወንድሜ እፊቴ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቶ ሳለ፣ ልቤ በደስታ ዘለለ። ለቅጽበት ነው። ከዚያ የተሰማኝን እፍረት ግን እስካሁን ልጨርሰው አልቻልኩም።

እጁ ሲድን ሁለቱ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ፤ አውራ ጣቱም ኃይል አጣ። ላብራቶሪ የጣት ሥራ ነው። ደም መውሰድ፣ ጠብታ መጣል፣ ስላይዱን በአንድ እጅ እየገፉ በሌላው ማጥራት፤ ይህ ሁሉ ሁለት ደኅና እጅ ይፈልጋል። አለቆቹ ደግ ሰዎች ስለሆኑ ከሥራ አላስወጡትም፤ በሽተኛ የሚመዘገብበት መስኮት ላይ አስቀመጡት። በግራ እጁ መጻፍ ተማረ። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ይመስላል።

በዚያ ሰሞን ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ቀለበቷ፣ ስለ ስልኩ፣ ሥራዬ ሰመረ ተብዬ ደስ ስላለኝም ጭምር።

«አባ፣ ቀኖና ይስጡኝ» አልኳቸው። «ጾምም ይሁን ስግደት፣ የፈለጉትን።»

«ለየትኛው ኃጢአትሽ?»

«ወንድሜን ለጎዳሁት።»

«ልትጎጂው ጠራሽው?»

«ልጎዳው ብዬስ አልጠራሁትም።»

«እንግዲህ ኃጢአት ላልሆነ ነገር ቀኖና ብሰጥሽ የምበድለው እኔ ነኝ። የያዘሽ ኀዘን ነው ልጄ። ኀዘንን እንደ ኃጢአት ተናዝዘው አይገላገሉትም። ሂጂ፣ ወንድምሽን ጠይቂው።»

ባርከው አሰናበቱኝ። ከቅጥሩ ስወጣ ከገባሁበት ይበልጥ ከብዶኝ ነበር። ስግደቱን ብሰግድ፣ ጾሙን ብጾም አንድ ቀን ያልቃል። ስም የሌለውን ነገር ምን አድርጌ ልጨርሰው?

ስለዚህ ወደማውቀው ሥራ ገባሁ። የወንድሜን እጅ በሐሳቤ እየሣልኩ፣ በማይታጠፉት ጣቶቹ ሊያዞረው የሚችል የማይክሮስኮፕ እጀታ መሥራት ጀመርኩ። አንዱን ሰፊ፣ ሌላውን ረጅም፣ ሌላውን ለመዳፍ የሚመች አደረግሁት። መጀመሪያ በወይራ፣ ቀጥሎ በአሉሚኒየም። የጨረስኩትን ሁሉ በሹፌር እልክለታለሁ። «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ልኩስ እንዴት ሆነ ስለው፣ «ደኅና ነው» ብሎ ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። ደኅና ነው ማለት ልክ አይደለም ማለት ነው ብዬ ሌላ እሠራለሁ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ሞጣ ቤቱ ስገባ ትንሿ ልጁ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወይራውን እጀታ እንደ እንዝርት ታሾራለች። ሌሎቹ በቆርቆሮ ውስጥ ተከምረዋል። የላክኋቸው ሁሉ እዚያ ነበሩ። ሚስቱ አይታኝ ደነገጠችና ልትሰበስባቸው ጎንበስ አለች።

«ተይው፣ ትጫወትበት» አላት እሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ተቀመጪ እታለም። ልነግርሽ ፈልጌ አፌን እየያዘኝ ነው የቆየሁት።»

ተቀመጥኩ።

«ማይክሮስኮፑን በግራዬም ቢሆን አዞረዋለሁ። ያቃተኝ ማዞሩ አይደለም። ያቃተኝ ሌላው ነው፣ ደም መውሰዱ፣ ጠብታው። ለዚያ አንቺ የምትሠሪው ነገር የለም። እነዚህን የምትሠሪው ለእጄ አይደለም፤ ለራስሽ ነው። አንድ በላክሽልኝ ቁጥር ደግሞ እኔ ደውዬ አንቺን ማጽናናት አለብኝ። ደከመኝ።»

«ይቅር በለኝ» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ እሱ ገና ሳልጀምር እጁን አነሳ።

«እሱንም ተይው። ይቅር ብያለሁ ብልሽ በድለሽኛል ማለቴ ይሆናል። አልበደልሽኝም ብልሽ አታምኚም። ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ሚስቱ ውኃ አምጥታ እጃችንን አስታጠበችን። እሱ በማንኪያ በላ። እኔ እንጀራውን ቆርሼ አፌ ውስጥ አላመጥኩት እንጂ ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ከምሳ በኋላ ነው ዋናውን የነገረኝ። ሁለተኛው ማይክሮስኮፕም እንደ መጀመሪያው መውረድ ጀምሯል። ከጅማ የመጣችው ባልደረባው እንድሠራላት ልትጠይቀኝ ፈልጋ፣ እሱን አስፈቅዳ፣ እሱም ራሴ እነግራታለሁ ብሎ ኖሯል። እኔ ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀጭን ልክ አልነካሁም ነበር። ለሠልጣኞቼ ሳስተምር እንኳ መለኪያውን ለረዳት አስተማሪው ሰጥቼ ዞር እል ነበር።

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አልኩት።

«ማንን? እታለም፣ ወባው እኮ የአንቺን ኀዘን ቆሞ አይጠብቅም።»

በማግሥቱ ጤና ጣቢያው ሄጄ የሁለተኛውን ማይክሮስኮፕ ዘንግ ራሴ ፈትቼ ያዝኩ። ቢቸና ተመልሼ ሥራ ስጀምር የመጀመሪያውን ናስ ከልክ በላይ ፋቅሁና አበላሸሁት። ሁለተኛውን ስቆርጥ ረጋሁ። አንዲት ቀለበት ብቻ ሠርቼ አላቆምኩም፤ ከጠባቧ እስከ ሰፊዋ በጥቂት በጥቂት የሚለያዩ አድርጌ በተርታ አወጣኋቸው። ማንም ሰው በእኔ ልክ ምክንያት ሁለተኛ መንገድ እንዲወጣ አልፈለግሁም። ይዤ የሄድኩትም ራሴ ነኝ።

ላብራቶሪው ውስጥ ከባልደረባው ጋር አንድ በአንድ ሞከርናቸው። አንዷ ጠበቀች፣ አንዷ ላላች፣ አንዷ ልክ ሆነች። መድረኩ ቆመ። ወንድሜ ከመዝገቡ መስኮት ተነስቶ መጣና በግራ እጁ እያዞረ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ባልደረባው የጠዋቱን ስላይድ አስገባችለት።

«ወባ አለ» አላት ቀና ሳይል። «አንቺም እዪው።»

አየችና፣ «አለ» አለች። ከዚያ እሱ ወደ መስኮቱ ተመልሶ የቀጣዩን በሽተኛ ስም ጠራ። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር። እኔ ግን የማየው ወረቀቱን ደግፎ የያዘውን ቀኝ እጁን ነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለበዛበት መናኸሪያ አልሸኘኝም። «ስትደርሺ ደውዪ» ብሎኝ ወደ ተሰለፉት ሰዎች ዞረ። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ሊገባ ሲል እሱ የወደቀበትን አካባቢ አወቅሁትና ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ያሉት አዛውንት አሞኝ መስሏቸው ሎሚ ሰጡኝ።

ቢቸና እንደገባሁ ደወልኩ። ስልኩ ጠርቶ ሳይጨርስ አነሳው።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ።»

«ተመስገን» አለና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ዝናቡን ሳይ ጊዜ ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ ነው የዋልኩት።»

ከኋላው ሚስቱ፣ «እንግዲህ ራትህን ብላ» ስትለው ሰማሁ። እኔ ስለ እሱ ስጨነቅ፣ እሱ ደግሞ ስለ እኔ መንገድ ሲፈራ መዋሉን ያወቅሁት ያኔ ነው። ደኅና እደር ብዬው ስልኩን ዘጋሁ፤ ጃንጥላዬን ዘርግቼም ወደ ቤቴ ወረድኩ።