ኧረ ልጅቷ ወንዙን ትሻገር!

ነገሩ የሆነው አምና፣ እዚሁ ካምፓላ፣ ዋንዴገያ ሰፈር ውስጥ ነው። ዛሬም ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ስሆን ትዝ ይለኝና እስቃለሁ።

ልጄ ሐያት እዚህ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። አንድ ቀን ታዲያ ከልጅነት ወጥቶ ትልቅ ሰው ስለመሆን የተጻፉ የየአገሩ ልብ ወለዶች አንድ አዳራሽ ውስጥ በየቋንቋቸው ለሕዝብ ሊነበቡ ነው ብላ፣ «እማ፣ የአማርኛውን አንቺ ታነቢያለሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ኪሰንዪ ሰፈር ካለው ሱቄ ወጥቼ በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ልቆም! ቋንቋዬን እንድትወድልኝ ስመኝ ጭራሽ ባሳፍራትስ?

ያነበብኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ወንዝ ተሻግራ ወፍጮ ቤት ስለምትሄድ ልጅ ነበር። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ከኋላዬ ግድግዳው ላይ ይታያል። ሰዉ ዝም፣ ጭጭ። የእኛ ሰው እንዲህ አድርጎ አይሰማም። ድምፄ እያነሰ ሄደ፤ ሐያትም አንገቷን ደፋች።

ይሄኔ ከኋላ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ስበው «እህ!» አሉ። የአገሬ ሰው! ልጅቷ እግሯን ውሃው ውስጥ ስትከት «እህ!»፤ ውሃው ጉልበቷ ጋ ሲደርስ «እህ!»። ነፍሴ መለስ አለች፤ ለእሳቸው ማንበብ ጀመርኩ።

ከዝግጅቱ አስተናጋጆች አንዷ ኡጋንዳዊት ግን ትንፋሽ ያጠራቸው መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። «ሙዜ፣ ደህና ነዎት?» አለቻቸው፤ አባባ እንደማለት ነው። እሳቸው ንባቡን ላለማቋረጥ፣ አዎ ለማለት፣ አሁንም ትንፋሻቸውን ሳብ!

«ቦዳ ሞተር ይጠራ! ሐኪም ቤት ይወሰዱ!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ ተነሳ። ሁለት ጎረምሶች ብብታቸውን ይዘው ሊያነሷቸው ሲታገሉ፣ «ኧረ ልጆች፣ ልጅቷ ወንዙን ትሻገርና!» ይላሉ በአማርኛ። ማን ይስማቸው?

እኔ በሳቅ እንግሊዝኛው ጠፋብኝ። ሐያት ብድግ ብላ ማይኩን ከእጄ ነጠቀችና፣ «አልታመሙም! እያዳመጡ ነው! እኛ ስናዳምጥ እንዲህ ነን!» አለች በእንግሊዝኛ።

«እኛ» አለች። ከዚያ በኋላ አዳራሹ በሙሉ በየአረፍተ ነገሩ ትንፋሹን እየሳበ፣ እየሳቀ አስጨረሰኝ። ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ፣ «ልጄ፣ በአማርኛ ሲነበብልኝ ስንት ዘመኔ መሰለሽ! ተባረኪ» አሉኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ መለያየታችን ይቆጨኛል።

ሐያት ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አዎ ለማለት ሲሆን ግን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። አልሐምዱሊላህ፣ ለጊዜው ይበቃኛል።