በጥጡ ወረቀት ፈንታ

ደባርቅ ላይ ፎቶ አንሺነቴን የማያውቅ ብዙ ሰው የለም። ይህን ጉዳይ ግን ለሚስቴም ሆነ ለነፍስ አባቴ ተንፍሼው አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ስትሰሙኝ ብቻ ፈጥናችሁ አትዘኑልኝ።

ስለ ወረቀት የእኔን ያህል የሚያውቅ በዚህ አገር ካለ ይምጣ። ለጎብኚዎችና ለሎጅ ባለቤቶች የማሳየውን ጥራዝ፣ ፖርትፎሊዮ የምንለውን፣ ላትም ስነሣ የትኛው ወረቀት እንደሚበጅ ማንንም አልጠየቅሁም፤ ራሴ ፈተንሁ። ከአዲስ አበባ ባስመጣሁት ናሙና ላይ ፎቶ አትሜ ግማሹን ፀሐይ በሚመታው መስኮቴ ላይ፣ ግማሹን ጭስ በማይለየው በእናቴ ማድ ቤት ሰቀልሁት። ክረምቱ ጉሙንና እርጥበቱን ይዞ አለፈ። የሚያብለጨልጨው ርካሽ ወረቀት ፀሐይ ሳያየው፣ በጭስና በእርጥበት ብቻ ገረጣ። ከጥጥ የተሠራው፣ ወፈር ያለውና የማያብለጨልጨው ግን ቀለሙን እንደያዘ ወጣ። በጣቴ ስዳብሰው ብራና የነካሁ መሰለኝ። ወሰንሁ።

የጥራዙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለችው ማስተዋል ናት፣ የእማማ አበቡ ብቸኛ ልጅ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ማሳቸው ገብስ ስታጭድ፣ ቀና ብላ ግንባሯን ስትጠርግ አነሣኋት። ያን ዕለት ለእናቷ ቃል ገባሁ፤ "እማማ፣ ለእርስዎም ከማይጠፋው ወረቀት አትምልዎታለሁ" አልኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ማስተዋል ታመመች። ጎንደር ወሰዷት፤ በሕይወት አልተመለሰችም። እናቷ ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም።

እኔ ምን አደረግሁ? የጥጡ ወረቀት እያለቀ ነበር፤ የቀረችውን ለጥራዜ አስቀረሁ። ለእማማ አበቡ በዚያ በሚያብለጨልጨው አተምሁላቸው። ሳላውቅ ነው? አውቄ ነው። ቸኩዬ ነው? አልቸኮልሁም። ገበሬ ስለ ወረቀት ምን ያውቃል ብዬ ነው። እኔ የገበሬ ልጁ እንዲህ ብዬ አሰብሁ። እሳቸው ፎቶውን ተቀብለው ሳሙት፤ እንዴት ያበራል አሉ።

ከጊዜ በኋላ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቅልለው ስቱዲዮዬ መጡ። ገርጥቷል፤ ዓይኗን ከግንባሯ መለየት ያስቸግራል።

"ልጄ፣ መልኳ እየሄደብኝ ነው። ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"ፀሐይ መትቶት ነው፣ እማማ። ከፀሐይ መጠበቅ ነበረብዎት" አልኋቸው።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ርካሹን መስጠቴ ስስት ነው፤ ይህ ግን ከስስት ይብሳል። የራሴን ጥፋት አንሥቼ ልጇ በሞተችባት እናት ላይ ጫንሁት። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። "እንግዲያ እኔው ነኛ ያጠፋኋት" ብለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

አዲስ የጥጥ ወረቀት እንደመጣልኝ የማስተዋልን ፎቶ በትልቁ አትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ቤታቸው ድረስ ወሰድሁ። ነገሩን በዚህ የዘጋሁት መስሎኝ ነበር። ቤታቸው ስገባ ያየሁት ግን መስኮት በሌለበት ጥግ የተሰቀለ ነጭ መጋረጃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንደሚጋረድ ሁሉ የልጃቸውን ፎቶ ጋርደውት ኖረዋል። የሚገልጡት በማርያም ቀን ብቻ ነበር። ፀሐይ የሚባል ነገር ደርሶበት አያውቅም።

"ስገልጣት ይሆናል ፀሐይ የመታት ብዬ ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው" አሉኝ። "'ይኸ ኃጢአት አይደለም፣ ተይው' አሉኝ። እኔ ግን እንዴት አድርጌ ልተወው? ልጄን ዳግመኛ የቀበርኋት እኔ ነኝ። ስሰግድ ከረምሁ።"

ከመደቡ ሲነሡ ጉልበታቸውን ይዘው ነበር።

አፌን ከፈትሁ። "ወረቀቱ ነው፣ እማማ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? እሳቸው ግን አዲሱን ፎቶ ሲያዩ እንባቸው ወረደ፤ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። "ልጄን እንደመለስህልኝ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ "አሜን" አልሁ። ምርቃቱ ጣፈጠኝና እውነቱን ዋጥሁት። ከዚያ በኋላ እማማ አበቡ ለጎረቤቱ ሁሉ ደግነቴን ሲያወሩ ከረሙ፤ ያንንም እየሰማሁ ምስጋናቸውን ተቀበልሁ።

አሁን አርፈዋል። አቅም እስኪያንሳቸው ድረስ ስግደቱን እንዳላቋረጡ ጎረቤታቸው ነግራኛለች። አዲሱ ፎቶ ዛሬም ጥርት እንዳለ ነው፤ ስለ ወረቀቱ አልተሳሳትሁም። ማሩኝ አልላችሁም፤ ሊምሩኝ የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፣ ጊዜውም ነበረኝ። በገበያ ቀን በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው "እንዴት ዋልህ፣ ልጄ?" ይሉኝ ነበር። እኔ "ደኅና፣ እማማ" እያልሁ አሳለፍኋቸው።