የልጆቼ አባት ፒክአፕ

እኔና የልጆቼ አባት ስንለያይ ጩኸትም ክስም አልነበረም። እሱ ሞጣ ተወልዶ ሞጣ ያደገ እህል ነጋዴ ነው። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ። አግብቼው ሞጣ ገባሁ፣ ጥቂት ዓመት ኖርን፣ አልሆነም። ሁለት ልጆቼን ይዤ ቢቸና ተመለስኩና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። ትልቋ ሴት ናት፣ ትንሹ ወንድ። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ትምህርት ባለ ጊዜ እኔ ዘንድ እንዲኖሩ፣ ፋሲካንና ክረምቱን ደግሞ አባታቸው ዘንድ እንዲያሳልፉ ተስማማን። ከሽማግሌዎቹ ዋናው የሁለታችንም ቤተሰብ የሚያከብራቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። የኔታ ነው የምንላቸው።

ለተወሰኑ ዓመታት ነገሩ ያለ ችግር ሄደ። አባትየው በአውቶብስ ይመጣል፣ ልጆቹን ይዞ በአውቶብስ ይመለሳል። እኔና እሱ በር ላይ ቆመን ስለ ጫማቸው፣ ስለ ሳላቸው፣ ስለ ፈተና ውጤታቸው እናወራለን። ሻይ ልጋብዝህ እላለሁ፣ አውቶብሱ ያመልጠኛል ይላል። ይኸው ነበር ግንኙነታችን።

ከዚያ መኪና ገዛ።

ለፋሲካ ሊወስዳቸው ሲመጣ ነው መጀመሪያ ያየኋት። አሮጌ ፒክአፕ ናት። ቀለሟ ተላልጦ የዱሮው ምን እንደነበር አይታወቅም። በራችን ላይ አቁሞ ሲወርድ ሞተሯን አላጠፋም። ከጠፋች ሰው ካልገፋት አትነሳም። ሰላም ከማለቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ከኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ አደረገ።

ልጆቹ በደስታ አበዱ። ትንሹ ዘሎ ገባና ወዲያው ከውስጥ ጮኸ፦

«እማዬ፣ ነይ እዪ! መሬቱ ይታያል!»

ሄጄ አየሁ። እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ ወለሏ ዝጎ ተበስቷል። በቀዳዳው ጠጠሩ ይታያል። በሩን ከውስጥ ልከፍት ብሞክር እጀታ የለውም።

«ፍሬኗስ?» አልኩት።

«ትይዛለች። ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ ማድረግ ነው እንጂ ትይዛለች።»

«ቦሎ አላት?»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ትራፊክ የሆንሽው?»

ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው በሽተኛውን ከሐኪሙ ቀድሞ ያያል። መኪና የተገለበጠባቸው ሰዎች ሲመጡ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ ቀበሌያቸውን የምጠይቀው እኔ ነኝ። መናገር ያልቻለ ልጅ ሲመጣ ስሙን ከማን እንደምጠይቅ ግራ ገብቶኝ የቆምኩበት ቀን አለ። የቢቸናና የሞጣ መንገድ ደግሞ ያኔ ጠጠር ነበር። ቁልቁለቱም ኩርባውም የታወቀ ነው።

«በዚህች አይሄዱም» አልኩት። «መኪናዋን እዚሁ ተዋትና በአውቶብስ ይዘሃቸው ሂድ።»

«መኪና እያለኝ ልጆቼ አውቶብስ ውስጥ ተጨናንቀው ሊሄዱ? ሞጣ መናኸሪያ ላይ ሰው ሲያየኝ ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«ልጆቼን አልወዳቸውም ነው የምትይው?»

«እንደምትወዳቸው አውቃለሁ። ፍሬኗ ግን አያውቅም።»

ይህን ስለው ፊቱ ጠቆረ። ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ አወጣና ብቻውን ገብቶ ሄደ። ልጆቹ ቦርሳቸውን እንደያዙ በር ላይ ቀሩ። ትልቋ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ለፋሲካ የሠራሁትን ዶሮ አልበላም አለች። «አባዬን አባረርሽው» ከማለት በቀር ሁለት ቀን ሙሉ ቃል አልወጣትም።

ወሬው ከተማውን ለመዞር ጊዜ አልወሰደበትም። ልጆቹን ከለከለችው ተባለ። ስለ ፍሬን የሚያወራ ሰው አልነበረም። ወንድሜ እንኳ ቤቴ መጥቶ፣ «ስንቱ አባት ልጁን ጥሎ ጠፍቷል። ይሄ ሰውዬ በመኪና ልውሰዳቸው ስላለ ነው እንዲህ የምታደርጊው?» አለኝ። መኪናዋን አይተሃታል ወይ ብለው፣ «መኪና መኪና ነው» አለ። እሱን ማስረዳት ተውኩ።

ግንቦት ላይ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ። አባትየው ከሞጣ መጣ። የኔታ ሁለታችንንም በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ ወደ እሱ ዞሩ።

«አንተ፣ ክረምት ሳይገባ ፍሬኑን አሠርተህ ትመጣለህ።»

«እሺ፣ የኔታ።»

«አንቺም ልጄ፣ ተሠርቶ ከመጣ ወዲያ ሌላ ምክንያት አታመጪም።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ፍርዱ ትክክል ነበር።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ሥራ ቦታ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ሞባይል ቢቸና ከገባ ገና ብዙ አልቆየም፤ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ሰው የሞተ ነበር የሚመስለኝ። ያነጋገረችኝ ሴት ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው።

«ከሞጣ ነው የምደውለው። የልጆቹ አባት ባለቤት ነኝ።»

እንዳገባ ሰምቻለሁ፤ እሷን ግን አይቻት አላውቅም። ልጆቹን በስም እየጠራች ደኅንነታቸውን ጠየቀችኝ። ትንሹ አምና ክረምት እሷ ቤት ጥሎት የመጣውን ሹራብ እንዳጠበችው ነገረችኝ። 

«እኅቴ፣» አለች በመጨረሻ፣ «እሁድ ሊወስዳቸው ይመጣል። ፍሬኑ አልተሠራም። ዕቃው ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት ተብሎ ቀርቷል። እሱ ቀለም ነው ያስቀባት።»

«ቀለም?»

«አረንጓዴ። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሐኪም ቤት እንኳ በእግሬ ነው የምሄደው። ራሴ የማልሳፈርበት ላይ የሰው ልጅ ሲሳፈር ዝም ማለት አልቻልኩም። እባክሽ እኔ እንደነገርኩሽ አትንገሪው።»

«አልነግረውም» ብዬ ቃል ገባሁላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወረፋ የያዙት በሽተኞች እስኪያጉረመርሙ ድረስ ካርድ ማውጣት ረስቼ ተቀምጬ ነበር። ደነገጥኩ፣ ግን መደንገጥ ብቻ አይደለም። ከእኔ ሌላ ይህችን መኪና የሚፈራ ሰው በመኖሩ ደስ አለኝ።

ችግሩ እንዴት እምቢ እንደምል ነበር። አልተሠራም ብል፣ ማን ነገረሽ ይለኛል። ዝም ብል ልጆቼ ይሄዳሉ። ከሐሙስ እስከ እሁድ ይህንኑ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፒክአፗ መጣች። እንደተባለውም አረንጓዴ ናት፤ ፀሐይ ሲያርፍባት ዓይን ትወጋለች። የወለሏን ቀዳዳም በቆርቆሮ ደፍኖታል። ከፊት ወንበር ላይ የኔታ ነጭ ጥምጣማቸውን አሥረው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። እንዲመሰክሩለት ከቤታቸው ጭኗቸው መምጣቱ ነው።

«ይኸው» አለኝ በኩራት። «ተሠርቷል።»

ልጆቹ ቦርሳቸውን ይዘው ወጥተዋል። ትልቋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ያን ጊዜ ነው ድንገት የመጣልኝ።

«ጥሩ» አልኩት። «እንግዲያው ከልጆቹ በፊት እኔን አሳፍረኝ። ወደ ድልድዩ በሚወርደው መንገድ ሄደን፣ አቁም ባልኩህ ቦታ ካቆምክ ይዘሃቸው ትሄዳለህ።»

ድልድዩ ከከተማው መውጫ ላይ ያለ ትንሽ ድልድይ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ግን ለስላሳ ነው፤ ታች ሲደርስ ሜዳ ይሆናል። ሌላ ቁልቁለት ቢሆን ኖሮ አልልም ነበር።

«የኔታ ባሉበት ፈተና ልትፈትኚኝ ነው?» አለ።

«የኔታ ይውረዱ፤ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ለምን እወርዳለሁ?» አሉ የኔታ። «ዳኝነት የተቀመጥኩ እኔ ነኝ። እንድረስና እንመለስ።»

 አይሆንም እንዳልል ምክንያቱን እጠየቃለሁ። ከእሳቸው አጠገብ በሩን ይዤ ተቀመጥኩ። እሱ ሊተወው ይችል ነበር፤ አልተወውም። ምናልባት ትይዛለች ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሜዳው ቀስ ብሎ ነዳ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሽ ቀነሰ። እግሩን አየሁት፤ ገና ምንም ሳልል ፍሬኑን ደጋግሞ እየረገጠ ነው። መካከል ላይ ስንደርስ፣ «እዚህ አቁም» አልኩ።

ረገጠ። ፒክአፗ ትንሽ አመነታችና ቀጠለች። ደግሞ ረገጠ። ደግሞ። የእጅ ፍሬኑን ሲስብ እጀታው ተከትሎት መጣ። ከታች አህዮች ጆንያ ጭነው ወደ እኛ እየወጡ ነበር፣ ከኋላቸው አንድ ሰውና ሁለት ሴቶች። ጡሩምባውን ሲመታ ድምፅ የለውም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ ጮኸ። ሰዎቹ አህዮቹን ወደ አንድ ጎን መጋፋት ጀመሩ። የኔታ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላሉ። እኔ በአንድ እጄ እሳቸውን ይዣለሁ፣ በሌላው በሩን።

ከድልድዩ ዳር ለጥገና የተቆለለ አሸዋ ነበር። መሪውን ወደዚያ ጠመዘዘና ገባንበት። እስከ መብራቷ ድረስ ተቀብራ ቆመች። ግንባሬ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ፤ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጣብኝ። እሱ ከንፈሩን ነከሰ። የኔታ ጥምጣማቸው ከመውደቁ በቀር ምንም አልሆኑም።

 በእኔ በኩል ያለው በር ከውስጥ ስለማይከፈት ባለ አህያው መጥቶ ከፈተልን። የኔታ ወርደው ልብሳቸውን አራገፉ፣ ጥምጣማቸውን እንደገና አሠሩና መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከቷት።

«ቀለሙ አምሯል» አሉት። «ልጆቹ በአውቶብስ ይሂዱ።»

ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ሽቅብ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። ዞር ብዬ ሳይ የልጆቼ አባት አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጆቹን እያየ ነበር።  ተመልሼ አጠገቡ ቆምኩ።

«አህዮቹን አየሻቸው?» አለኝ። «ሰዎቹን አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

«ከሞጣ እስከዚህ እኮ ነድቼያት መጣሁ።»

 ተነሥ አልኩት፣ ተነሣ። አብረን ወጣን። ልጆቹ በር ላይ እየጠበቁ ነበር። ትልቋ ግንባሬን አይታ ማልቀስ ጀመረች። አባቷ «መኪናዋ ተበላሽታለች፤ ነገ በአውቶብስ እንሄዳለን» አላት። በማግስቱም ማለዳ ሁለቱንም ግራና ቀኝ ይዞ መናኸሪያ ሄደ። ፒክአፗ በሰው ጉልበት ተጎትታ ቢቸና ጋራዥ ገባች፤ ክረምቱን እዚያው ከረመች።

ያን ክረምት ሊያናግረኝ ሲፈልግ በልጄ በኩል ነበር የሚልክብኝ። ጳጉሜን ላይ ልጆቹን ሲያመጣ ግን በር ላይ ቆሞ፣ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ሞጣ ያለውን መካኒኩን ጠርጥሮ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ እንደነሳው በኋላ ሰማሁ። ሰውየውን በከንቱ ተቀየመው፤ እኔ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁና ዝም አልኩ።

የፍሬኑ ዕቃ በመጨረሻ መጣ፤ መኪናዋም ተሠርታ፣ ተመርምራ፣ ቦሎዋን ለጥፋ ሞጣ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተሳፍረውባታል። የተከራከርነው ከኋላ ክፍት ቦታው ላይ እንዳይጭናቸው ብቻ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ሽማግሌ ሳያስፈልገን ተስማማን። ጥቂት ቆይቶ ሸጣት። ለገዢው ስለ ዱሮ ችግሯ ነግረኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ሁሉን ነግሬዋለሁ፤ ድልድዩን ጭምር» አለኝ፤ ሳቅን። ከተለያየን ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ባለቤቱ ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ከአልጋዋ ሳትነሣ ደወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሷ ስለ ልጆቹ ትኩሳት፣ ስለ ቅማላቸው፣ ስለ ጠባያቸው የምንደዋወለው ከአባታቸው ጋር ከማወራው በለጠ። በአካል የተገናኘነው በሚቀጥለው ክረምት፣ ልጆቹን ይዤ ሞጣ በወረድኩ ጊዜ ነው። ሕፃኗን አዝላ መናኸሪያ ላይ ቆማ ነበር። ተሳሳምን። አባትየው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለ።

«አሁን ተዋወቅን» አለችው።

ያቺ ሕፃን አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። ታላላቆቿ እኔ ዘንድ ናቸውና ለጥምቀት ቢቸና ካልሄድኩ ብላ ታስቸግራለች። አባቷ ከመላኩ በፊት ይደውልልኛል፣ ስመልሳትም እንዲሁ። በምን መኪና ነው፣ ሾፌሩን ታውቂዋለሽ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እመልስለታለሁ። እኔ ቤት ስትሆን እንደ እነሱ እማዬ ነው የምትለኝ። እናቷ ይህን ሰምታ አልተከፋችም። ማታ ማታ ሦስቱም አንድ ፍራሽ ላይ ይተኛሉ፤ ትንሿ መካከል።