ገመዱ እስኪያርፍ

በቨርሞንቷ ኢስት ፔልተን መንደር ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚሰማው ኤልዊን ፒዝሊ ነበር። ሐኪሙ ወይም የሟቹ ልጅ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ኤልዊን ኮፍያውን አድርጎ መስኩን ያቋርጥና የነጩን ቤተ ክርስቲያን የደወል ገመድ ይይዛል። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ ይቆጥራል፤ ለእያንዳንዱ የሟቹ ዕድሜ ዓመት አንድ ምት። ድርቆሽ የሚያጭዱት ማጨዳቸውን ያቆማሉ፤ ሴቶች እጃቸው ሊጥ እንደነካው መስኮት ይከፍታሉ። ደወሉ ሲያርፍ «የሆልኮም እናት ናቸው» ይባላል። ስሕተት አልነበረም። ሕፃን ሲሞት ምቱ ቶሎ ያልቃል፤ ሰዉ ግን የሚቀጥል መስሎት ቆሞ ይጠብቃል።

ኤልዊን እንጀራው የወንበር ፋብሪካ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የወንበር እግር ሲጠርብ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ጥቂት ነው የሚናገረው። የእሱንም ድርሻ የምትናገረው ሚስቱ ቨርና ነበረች። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምእመናኑ አብረው የሚበሉት የቦሎቄ እራት ሲደረግ፣ «ይሄ ሰውዬ ገመዱን ነበር ማግባት የፈለገው፤ ገመዱ ምግብ አይሠራም ብለው መከሩት» ትል ነበር። እንስቃለን፤ እሱም ይስቃል።

ከመንደሩ ልማድ ሁሉ ኤልዊን የሚኮራበት አንድ ነበር። የምእመናን ስብሰባ የሚጠራው በደወል ነው፤ ገመዱ እስኪያርፍ ደግሞ ማንም ተነሥቶ አይናገርም። አንድ ጊዜ በበረዶ ማዕበል፣ ከተራራው የሚወርዱት ገበሬዎች መንገድ እንዳይስቱ ብሎ መዳፉ እስኪላጥ ደወለ። እኛ ካፖርታችንን ሳናወልቅ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ገመዱን የለቀቀው የመጨረሻው ገበሬ ደጃፉ ላይ ጫማውን ሲያራግፍ ነው።

ቨርና ስትታመም አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞረላት፤ ከዚያ ላይ የደወሉ ማማ ፊት ለፊት ይታያል። ሕመሟ የጉበት ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ይዤ ስገባ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦

«ኤልዊን፣ ለማልወዳቸው ሰዎች እንኳ ደውለሃል። እኔንም በዚያ ገመድ ሸኘኝ። አንዲት ዓመት እንዳትሰርቀኝ፤ ዕድሜዬን ደብቄ አላውቅም።»

«አልሰርቅሽም» አላት።

በዚያው ዓመት የስልክ ኩባንያ ሰዎች አንቴና ለመትከል መጡ። ቅጠል ሲቀላ ማማውን ፎቶ ለማንሣት ወደ ቨርሞንት የሚጎርፉት እንግዶች የብረት ምሰሶ ማየት አይወዱም። ስለዚህ አንቴናዎቹን ማማው ውስጥ ለመደበቅ አሰቡ። የማማው መስኮቶች ቀለም የተቀባ እንጨት በሚመስል ነጭ ፕላስቲክ ይተካሉ፤ በኪራዩ የሚያፈሰው ጣሪያ ይጠገናል። ደወሉ ግን መውረድ አለበት፤ የመሣሪያው ሣጥን የሚገባው እሱ በተሰቀለበት ቦታ ነው።

ኤልዊን የቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ሰብሳቢ ሎይስ ዊትኮም ቤት ድረስ ሄደ። በልጅነቷ ገመዱን ይዛ እንድትንጠለጠል ያነሣት የነበረው እሱ ነው።

«ሎይስ፣ ቨርና እስክታልፍ ብቻ ጠብቁኝ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉ።»

«መቼ ነው የምታልፈው?»

ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ።

«አየህ፣ ኩባንያው ቀን ቁረጡ እያለ ነው። አንተ ቀን የለህም።» ቀጥላም ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «ድምፁን እኮ እንቀዳዋለን። ማጉያ ይሰቀልና አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ክንድህ ዐረፈልህ፤ አመስግነኝ እንጂ!»

ሱቅ ሲገባ ደግሞ ባለሱቁ ዱዌይን ጠበቀው። «አይዞህ ሽማግሌው! አሁን ኔትወርክ ስለሚገባልን ቨርና ከሰማይ ቤት ስልክ ትመታልሃለች!» ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ኤልዊን የገዛውን ዳቦ ባንኮኒው ላይ ረስቶ ወጣ።

ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ ቀን እንደ ልማዱ ደወለ። ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ፤ እሱ ግን አላረፈም። ገመዱ ካላረፈ ስብሰባ የለም፣ ስብሰባ ከሌለ ውሳኔ የለም ብሎ ነው። ይህን በፍጹም ልቡ ያምን ነበር። ወጣቱ ፓስተር ወደ መግቢያው ሄዶ «ሚስተር ፒዝሊ፣ እባክዎ» ቢለው ራሱን ነቅንቆ ገመዱን ይብስ እያጣደፈ ሳበ። የኩባንያው ቴክኒሺያን እንዲህ ያለ ረጅም ድምፅ ዳግመኛ አላገኝም ብሎ ማይክሮፎኑን ግቢው ውስጥ ተከለ።

ሎይስ ተነሣች። እርስ በርሳችን ተያየን፤ ደወል እየተደወለ የተነሣ ሰው አይተን አናውቅም።

«የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!» ብላ ጮኸች።

እጆች ወጡ።

«የሚቃወም?»

የሚቃወመው ሰው ከግድግዳው ማዶ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

«በሙሉ ድምፅ አልፏል!»

«በሙሉ ድምፅማ ነው፤ ጆሯችን ጠፋ እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ።

ስንወጣ ኤልዊንን ላቡ በአገጩ እየወረደ አየነው። «የት ትሄዳላችሁ? ገና እኮ ነው፤ አልጀመራችሁም» አለ።

«ጨርሰናል፣ ኤልዊን» አለችው ሎይስ። «ሂድ፣ ሚስትህን አስታም።»

ደወሉን አውርደው በቤተ ክርስቲያኑ ሣር ላይ በአፉ ደፉት። ልጆች እንዳይጫወቱበት በሆዱ የሚንጠለጠለውን መምቻ ምላሱን አስቀድመው ነቅለውታል፤ ዙሪያውን ሎይስ አበባ ተከለች። ከማማው እሑድ ጧት፣ በሌላው ቀን ደግሞ እኩለ ቀን ሲሆን የተቀዳው ድምፅ ይለቀቃል፤ ያ የስብሰባው ቀን የተቀዳው። ኔትወርኩን በተመለከተ፣ ከአውራ ጎዳናው ላይ ጥርት ይላል አሉ። ማማው ሥር ለምንኖረው ለእኛ ግን ይቆራረጣል። ቴክኒሺያኑን ብንጠይቀው «አንቴናው ሩቅ ነው የሚያየው፤ እግሩ ሥር አያይም» አለን።

ቨርና አእምሮዋ መሳት ጀምሮ ነበር። ድምፁን በሰማች ቁጥር ወደ መስኮቱ ዞራ «ምነው ኤልዊን፣ ዛሬ ምን አጣደፈህ? ቀስ በል እንጂ» ትላለች። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዟል።

በረዶው ሲቀልጥ፣ የሜፕል ዛፍ ጣፋጭ ጭማቂ በሚቀዳበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞተች። ኤልዊን የማንንም በር አላንኳኳም። ከመሣሪያ ሣጥኑ መዶሻ አወጣ፤ ኮፍያውን አድርጎ መስኩን አቋረጠ፤ ደወሉ ዘንድ ሲደርስ ኮፍያውን አውልቆ መታ።

መሬት ላይ የተደፋ ደወል አይጮኽም። ድምፁ የሞላ በርሜል እንደ መምታት ነበር። ኤልዊን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በእያንዳንዱ ምት መካከል እንደ ድሮው እየጠበቀ፣ መታ፤ ደግሞ መታ።

ከሱቁ ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን።

«ምን ሆነ ይሄ ሰውዬ?» አለ ዱዌይን።

«አበባዬን እየረገጠ ነው» አለች ሎይስ።

ብዙ ከመታ በኋላ እኩለ ቀን ሆነና ማጉያው ተከፈተ። ከማማው የኤልዊን የራሱ ደወል፣ ያ ጥድፊያው፣ ያ ማለቂያ የሌለው ልመናው፣ ራሱ ላይ ወረደበት። መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ድምፁ ሲያበቃ ኤልዊን ከንፈሩን ለማንቀሳቀስ ሞከረ፤ ቆመ፤ ከዚያም ወደ እኛ ዞረ።

«ስንት ደረስኩ?» አለን።

ተያየን። ማንም አልቆጠረም።

ጥቂት ጠበቀን። ከዚያ ዞሮ፣ መዶሻውን አንሥቶ፣ ከአንድ ጀመረ።

«ኧረ በጌታ!» አለች ሎይስ። «እንደገና ሊጀምረን ነው እንዴ?»

የምሳ ሰዓት ስለነበር አንድ በአንድ ተበተንን።